የአውቶቡሱ ምድጃ

ሸራ ሰፊዋ የቆሻሻውን ባልዲ ደፍታ በጓሮ በር ተመልሳ፣ ኮሪደሩ ላይ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ማሰሪያ ስታስር ነው የልጇን ድምፅ ከማድ ቤት የሰማችው። ልጇ ሲመጣ ከውጭ በር ጀምሮ እየጮኸ የሚገባ ሰው ነው፤ ዛሬ ግን ይንሾካሾክ ነበር። ባይንሾካሾክ ኖሮ እሷም ጆሮዋን ባልጣለች።

«ብንጠይቃት እሺ አትልም፤ ስለዚህ አንጠይቃትም» ይላል። «ጎማ ነጋዴው ዛሬ ከሰዓት በኋላ መጥቶ ስፌት ቤቱን ያያል። ከወደደው ይከራየዋል፣ ጎማውን ያከማችበታል፣ እሷም አርፋ ቤቷ ትቀመጣለች። አባዬ፣ አምና በብርዱ የተነሣ ስንቴ ሐኪም ቤት እንደተመላለስን ረሳኸው?»

ሸራ ሰፊዋ የባሏን መልስ ጠበቀች። ከማድ ቤት የመጣው ግን ሻይ የሚያማስል ማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው። ባሏ ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ የኖረ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላም ሰፈሩ ሁሉ «ሹፌሩ» እያለ የሚጠራው ሰው ነው፤ ከአፉ ቃል ማውጣት ጥርስ ከመንቀል አይተናነስም። ማንኪያው ዞረ፣ ዞረ፣ ስኳሩ ከሟሟ በኋላም ዞረ። ልጁ ጥቂት ጠብቆ «እንግዲህ ዝም ካልክ ተስማምተሃል ማለት ነው» አለና የመኪናውን ቁልፍ እያቅጨለጨለ ወጣ። መኪናዋ ተነሥታ ሄደች። ማንኪያው አሁንም ይዞራል።

በልጇ አልተናደደችም ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ግን ታውቀዋለች። ኢንሹራንስ ድርጅት ውስጥ ስለሚሠራ ደረጃ ባየ ቁጥር የሚወድቅ ሰው፣ ሻማ ባየ ቁጥር የሚቃጠል ቤት ነው የሚታየው። ፍቅሩ ሁሉ በጭንቀት መልክ ነው የሚወጣው፤ ሲደውል እንኳ «ደህና ነሽ?» ከማለቱ በፊት «ምን ሆንሽ?» ይላል። አንጀቷን ያሳረራት ማንኪያው ነው። ስንት ዘመን አብራው የኖረችው ሰው፣ እሷን እንደ አሮጌ ቁም ሣጥን ከአንዱ ክፍል አንሥተው ሌላው ክፍል ሊያቆሟት ሲመክሩባት ተቀምጦ ሻዩን ያማስላል። ገብታ ልትጮህበት አሰበች። ከዚያ ተወችው። ሁለተኛውን ጫማዋን አሰረችና «ደህና ዋል» ሳትል፣ ጓንቷንም ሳትይዝ፣ በመጣችበት በር ተመልሳ ወጣች።

ስፌት ቤቷ ቀድሞ የመኪና ማቆሚያ የነበረ፣ ግድግዳው ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ ረጅም ክፍል ነው። በአንድ በኩል ጥቅል ጥቅል ሸራ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል፤ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ። መሀል ላይ አልጋ የሚያህል መቁረጫ ጠረጴዛ አለ፤ በመስኮቱ ሥር ደግሞ ሁለት የስፌት መኪናዎች፣ አንዱ ለወፍራም አንዱ ለቀጭን። የጭነት መኪና ልባስ ይሁን የሱቅ ጥላ፣ የሞተር ሳይክል መቀመጫ ይሁን የድንኳን በር፣ መርፌ የሚያስፈልገው ወፍራም ነገር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እሷ ዘንድ ነው የሚመጣው። «እትዬ መርፌ» የሚለው ስም የወጣላትም በዚሁ ነው። የብርዱ ወራት ሲገባ ግን ይህ ክፍል ይከዳታል። ሸራው እንደ ላሜራ ይደርቃል፣ የመኪናው ዘይት እንደ ማር ይወፍራል፣ መቀሱ መዳፍ ላይ ይጣበቃል። አምና ሁለት ሹራብ ደርባ፣ ካፖርት ደርባ፣ በመጨረሻም አንድ ቁራጭ ሸራ ወገቧ ላይ ጠምጥማ ሠርታለች፤ ያም ሆኖ ሳሉ ደረቷ ውስጥ ገብቶ አልወጣ ብሎ ነበር። ልጇ አልዋሸም። እሷም ብትሆን ከምትሰፋው ይልቅ ጣቶቿን የምታሞቅበት ጊዜ እንደሚበዛ ታውቃለች፤ ለማንም አልተናገረችም እንጂ።

ዛሬ ጠረጴዛው ላይ ያለው የዳቦ ቤት ጥላ ነው። ትንፋሿን መዳፏ ላይ እየነፋች ጠርዙን አጥፋ የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረች። ገና ከዳር ሳትርቅ መርፌው ቋ ብሎ ተሰበረ። ሌላ አስገባች፤ እሱም ተሰበረ። እጆቿን ጭኖቿ መካከል ወሽቃ ቁጭ አለችና፣ ማንም በሌለበት ክፍል፣ ድምፅ አውጥታ፣ «ጥፋተኛው ብርዱ ሆኖ ከቤት የምወጣው እኔ ነኝ?» አለች። ነገሩ ከአፏ ሲወጣ እንዲህ ግልጽ መሆኑ ራሷን አሳቃት። ሳቋ ሳያልቅ ተነሥታ በሩን ዘግታ፣ ግቢውን ተሻግራ ወደ በያጁ ሄደች።

በያጁን ሰፈሩ «ብልጭታ» ይለዋል፤ ከሚበይደው ብረት የሚረጨውን ያህል ከአፉም ስለሚረጭ። ቀጭን፣ ቅንድቡ በእሳት የተበላ፣ ጥያቄ ጠይቆ ራሱ የሚመልስ ሰው ነው። ብርዱ በመጣ ቁጥር ከአሮጌ ታንክ ምድጃ ልሥራልዎ ሲላት፣ እሷም በየዓመቱ ይህን ጥላ ልጨርስ፣ ያን ልባስ ላስረክብ ስትል፣ ብርዱ አልፎ ነገሩ ይረሳ ነበር። ዛሬ ግን በሩ ላይ ቆማ ዛሬውኑ እንደሚያስፈልጋት ስትነግረው ጭንብሉን ከግንባሩ ላይ አወለቀ። ዛሬ ምን ተገኘ? ብሎ ጠየቀ፤ እንግዳ ሊመጣ ነው መቼም ብሎ መለሰ። እሷም እንግዳ ነው አለች፤ ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

«ታንክ ብቻ ያምጡልኝ፣ እትዬ መርፌ» አላት። «ሌላው ሌላው እዚሁ ሞልቷል። እስኪመሽ ድረስ ካፖርትዎን ካላስወለቅኩዎት ስሜን ይቀይሩት።»

አሮጌ ብረት የሚሸጥበት ሜዳ ከዚያ ሩቅ አይደለም። የመኪና በር ላይ የአልጋ እግር፣ የአልጋ እግር ላይ የማቀዝቀዣ ሆድ፣ እሱ ላይ ደግሞ የብስክሌት አጥንት ተቆልሎ፣ በመካከሉ ሰው በጎኑ የሚያልፍበት መንገድ ቀርቷል። ሻጩ ታንክ መፈለጓን እንዳወቀ ከአንዱ ክምር ሥር ዝገት የተላበሰ ቅርጽ የለሽ ነገር አንከባሎ አወጣና የአዲስ ስፌት መኪና ዋጋ ጠራ። እሷም መኪናው አብሮ ይሰጥ እንደሆነ ጠየቀችው። እንዲህ እንዲህ ሲባባሉ፣ እሱ ስለ ብረቱ ውፍረት ሲምል፣ እሷ በጥፍሯ ዝገቱን እየፋቀች ስታሳየው፣ ሁለቱም ደስ እያላቸው ቆዩና ተስማሙ። በጋሪ አስጭና፣ ጋሪውን ከኋላ እየገፋች፣ ብርዱንም ረስታ፣ ጉንጯ ቀልቶ ተመለሰች።

ብልጭታ ታንኩን ሲያይ ደስ አለው፤ አፍንጫውን ወደ ታንኩ አፍ ሲያስጠጋ ግን ፊቱ ተለወጠ። ቀና ብሎ በእግሩ ገፍቶ፣ እባብ እንዳየ ሰው፣ ወደ ግቢው መሀል አንከባለለው። የቤንዚን ታንክ ነው አለ። ስንት ዓመት ባዶውን ቢቀመጥም ሽታው አልወጣም፤ ሽታው ካልወጣ ደግሞ እሳት የሚያስነካው ሰው የለም። «ይሄን ብቆርጠው እኔም፣ እርስዎም፣ የዳቦ ቤቱም ጥላ አንድ ላይ ነን ሰማይ የምንወጣው» አላት፤ እየቀለደ አልነበረም። ጋሪው ገና ስላልሄደ ታንኩ መልሶ ተጫነ፤ ብልጭታ ለሻጩ የላከበትን መልእክትም ጋሪ ገፊው እየሳቀ ነው ይዞ የሄደው። ሸራ ሰፊዋ ግን ባዶውን ግቢ እያየች ቀረች። የጠዋቱ ወኔዋ እንደ ተነፈሰ ጎማ ቁጭ አለ። እንግዳው ይመጣል፣ ክፍሉ ይቀዘቅዛል፣ እሷም እያሳለች ትከራከራለች፤ የሚሳል ሰው ክርክር ደግሞ ማን ይሰማዋል።

በዚህ መሀል ሹፌሩ የምሳውን ዕቃ አንጠልጥሎ መጣ። ጡረታ ከወጣ ጀምሮ ምሳዋን ይዞላት ይመጣል፤ ፌርማታ እንደሚጠብቀው አውቶቡስ ሰዓቱን አያዛንፍም። ዕቃውን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀምጦ በዝገት የጠቆረውን እጇን አየ። ከዚያ በሩ ላይ የቆመውን በያጅ አየ። ብልጭታ ማንም ሳይጠይቀው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ተረከለት፤ ምድጃውን፣ ሻጩን፣ ቤንዚኑን። ሹፌሩ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማ። ሸራ ሰፊዋ ፊቷን ወደ ስፌት መኪናዋ እንዳዞረች፣ «ቤቱን ላሞቀው ፈልጌ ነው» አለች። «ከሰዓት በኋላ ጎማ የሚያስገባ ሰው ሊያየው ይመጣል አሉ።»

ሹፌሩ ክው አለ። ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አጠለቀ። አብዛኛውን ቀን ምሳውን አብረው ነው የሚበሉት፤ ዛሬ ግን ሳይቀመጥ ዞሮ ወጣ። አካሄዱን በመስኮቱ አየችው፤ እንደ ወትሮው እየተንከባለለ ሳይሆን ቸኩሎ ነበር። ሂድ እንግዲህ አለች በልቧ፤ ሻይህ ሳይቀዘቅዝብህ። ምሳውን ብቻዋን በላች። ቀዝቅዞ ነበር፤ እሷ ግን ያቀዘቀዘው ብርዱ ሳይሆን ንዴቷ መሰላት።

ብልጭታ አሮጌ የሻወር ገንዳ ይሆን እንደሆን፣ ካልሆነ ደግሞ ሁለት ባልዲ አፍ ለአፍ ቢበየድ እያለ ሲቀባጥር፣ ሹፌሩ ከጎረቤት የተዋሰውን ጋሪ እየገፋ ተመልሶ መጣ። ጋሪው ላይ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ነገር አለ። ሸራ ሰፊዋ ብርድ ልብሱን ስታይ አወቀችው፤ የራሷ ነው። ውስጡ ያለውን ግን እስኪገለጥ ድረስ አላመነችም።

ሹፌሩ አብዛኛውን የሥራ ዘመኑን የነዳው አንድ አውቶቡስ ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን፣ አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ከተማዋ መሀል ያለውን ቁልቁለት ሲወርድ አንድ የጭነት መኪና መንገዱን ዘግቶ ተጋድሞ አገኘ። ሹፌሩ ፍሬኑን ረገጠ፤ አውቶቡሱም ተንሸራትቶ፣ ተንሸራትቶ፣ ከጭነት መኪናው ጋር ሊሳሳም ሲል ቆመ። የተኙት ተሳፋሪዎች እንኳ አልነቁም። ኋላ አውቶቡሱ አርጅቶ ሲበታተን ከሹፌሮቹ አንዱ መሪውን፣ አንዱ መስተዋቱን፣ አንዱ ጡሩምባውን ለማስታወሻ ወሰደ። እሱ ግን ሥሩ ገብቶ የፍሬኑን አየር የሚይዘውን ታንክ ፈትቶ አወጣ። ያን ቀን ያቆመን ይሄ ነው አለ፤ ሌላ ማብራሪያም አልሰጠ። ከዚያ ወዲህ ታንኩ አልጋቸው ሥር ነው የኖረው። ስትጠርግ ጣቷን መትቷታል፤ ስንቴ ይጣል ብላ ተጣልታለች፤ ለጎረቤቶቿም ባሌ በአልጋው ላይ አንዲት፣ በአልጋው ሥር አንዲት ሚስት አለችው እያለች ስታስቅ ኖራለች። እሱ ግን በየዕረፍት ቀኑ በጨርቅ ይወለውለው ነበር።

«ከአየር በቀር የገባበት ነገር የለም» አለ ሹፌሩ።

ብልጭታ አሸተተው፣ በመዶሻ ጫፍ ነካ አደረገው፤ ጥርት ብሎ ጮኸ። ወፍራም፣ ንጹሕ፣ የአንድ ልጅ ቁመት የሚያህል ብረት ነው። ብልጭታ በሕይወቱ አንዴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ጋሼ፣ ይቆረጥ?» ሲል ጠየቀ። ሹፌሩ መዳፉን ታንኩ ላይ አሳርፎ ወዲያ ወዲህ አሸው። «ቁረጠው» አለና ወደ ኋላ ራቅ አለ። መቁረጫው ብረቱን ሲነክስ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ። ሸራ ሰፊዋ ይህን አየች። ንዴቷ ሙሉ በሙሉ አልወጣላትም፤ ግን ጠዋት ጀምሮ ደረቷ ላይ የተቀመጠው ነገር ትንሽ ፈቀቅ አለ። ሄዳ አጠገቡ ቆመች።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሁሉንም ዋጣቸው። የበሩን ቦታ በኖራ ያሰመረችው እሷ ናት። ክርና ሚስማር ይዛ ክብ ስታወጣ ብልጭታ ብረት እንደ ሸራ አይለጠጥም ብሎ አሾፈባት፤ እሷም ሸራም ቢሆን ያለ ልክ ከተቆረጠ አይለጠጥም ብላ መለሰችለት። ታንኩ በጎኑ ተጋድሞ፣ ፊቱ ተቆርጦ፣ የተቆረጠው ክብ ራሱ በማጠፊያ ተመልሶ በር ሆነ። በሩ ላይ አየር የምታስገባ ትንሽ ቀዳዳና የምትንሸራተት ክዳን ወጣላት። ከኋላ በኩል ለጢሱ ቱቦ ቀዳዳ ተከፈተ፤ ውስጡ ላይ ደግሞ ነበልባሉ ቀጥታ ወደ ቱቦው ሮጦ እንዳያመልጥ መጋረጃ የሚሆን ላሜራ ተበየደ። እግሮቹ ከአሮጌ አልጋ መጡ፤ ሹፌሩ ይዞ፣ ብልጭታ በይዶ፣ አራቱም መሬት እስኪነኩ ድረስ ሁለቴ ተቆርጠው ሁለቴ ተቀጠሉ። ሸራ ሰፊዋ ደግሞ ከተረፈ ወፍራም ሸራ ድርብርብ ጓንት ሰፋች፤ በዚያን ጊዜ መርፌው አልተሰበረባትም፣ ጣቶቿ ከሥራው ሞቀው ነበርና። ከመስኮቱ መስተዋቶች አንዱ ተሰብሮ ቦታው በካርቶን ተደፍኖ ስለነበር ካርቶኑን ገንጥለው በምትኩ መሀሉ የተበሳ ላሜራ ገጠሙበት፤ ቱቦው በዚያ ያልፋል። ጥቅሎቹን ሸራዎች ሦስቱም ተጋግዘው ወደ ሩቁ ግድግዳ አዛወሩ። ምድጃው በሚቆምበት ቦታ መሬቱ ላይ ጡብ ደረደሩ።

የቀረ ነገር ቢኖር ቀለሙ ነው። አሮጌ ቀለም መጀመሪያ ሲነድ ስለሚሸት ብልጭታ አንድ ጊዜ ውጭ አንድደን እናቃጥለው አለ። ምድጃውን ግቢው መሀል አቁመው ቁራጭ ቱቦ ሰኩበት፣ እንጨትና ካርቶን ሞሉበት፣ ለኮሱት። የአውቶቡሱ ቀለም መጀመሪያ አረፋ አወጣ፣ ከዚያ ጥቁር፣ ወፍራም፣ የሚያስለቅስ ጢስ እየተጠቀለለ ከጣሪያ በላይ ወጣ። ሦስቱም አፋቸውን በክንዳቸው ሸፍነው፣ እየሳሉም እየሳቁም ጢሱን ሽሽት ዙሪያውን ሲዞሩ ነበር ልጇ ከጎማ ነጋዴው ጋር በመኪናው ወደ ሰፈሩ የታጠፈው።

ልጁ ያየው ከእናቱ ስፌት ቤት ላይ የሚወጣ ጥቁር ጢስ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ሲጠብቀው የኖረው አደጋ በመጨረሻ የደረሰ መሰለው። መኪናውን መንገድ መሀል አቆመ፣ ነጋዴውን ውስጡ ረሳው፣ ከመቀመጫው ሥር እሳት ማጥፊያውን መንጭቆ እየጮኸ ሮጠ። በበሩ ሲገባ ዓይኑ ጢስ እንጂ ሰው አላየም። ፒኑን ነቀለና ከፊቱ ያለውን ሁሉ አጠበው። እሳት ማጥፊያው እያፏጨ ነጭ ዱቄቱን ምድጃው ላይ፣ ብልጭታ ላይ፣ ሹፌሩ ላይ፣ ከሁሉም በላይ ሊያድናት በመጣላት እናቱ ላይ ጨርሶ አራገፈው። ቆርቆሮው ባዶ ሆኖ ፊሽ አለ። ዱቄቱ ሲበተን ሦስት ነጫጭ ሐውልቶች ቆመው አገኘ፤ አንደኛው ሐውልት ድርብ ጓንት አድርጓል።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ሳቋ ከሆዷ ነው የመጣው፤ ጉልበቷን ይዛ፣ ዓይኗ ዱቄቱን በእንባ እያጠበ። ከዚያ ብልጭታ ተቀበላት፤ ከዚያ ነጋዴው፣ ከመኪናው ወርዶ በሩ ላይ የደረሰው ወፍራም ሰውዬ፣ ነገሩ ሳይገባው አብሮ ሳቀ። ልጁ ግን አልሳቀም። ሸራ ባለበት ቤት እሳት ማንደድ እብደት እንደሆነ፣ ሌላው ቢቀር ደረቷን ለጢስ መስጠቷ እንደሆነ፣ እሱ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱን ለማስቀረት እንደደከመ በአንድ ትንፋሽ ተናገረ። የሚናገረው ለአባቱ ነበር። ጠዋት ተስማምተን የለም እንዴ፣ አለ።

ሹፌሩ ከቅንድቡ ላይ ዱቄቱን ጠረገ። «ስለ እናትህ ለእኔ ምን ትነግረኛለህ» አለ ረጋ ብሎ። «ይችት ቆማለች። እሷን ጠይቃት።»

ይህ ለሹፌሩ ረጅም ንግግር ነው። ልጁ አባቱን አየ፣ ከዚያ ወደ እናቱ ዞረ። ሳቋን እየገታች ዓይኗን በጓንቷ ጀርባ ስትጠርግ፣ እንደ ሕፃንነቱ ድምፁ ቀጠነ።

«እማዬ፣ ቤት ብታርፊ አይሻልሽም?»

«አይሻለኝም።»

«ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

ልጁ ባዶውን እሳት ማጥፊያ ይዞ ቆሞ ቀረ። እሷም ጠጋ ብላ በዱቄት ጓንቷ ትከሻውን ያዘችው፤ ጥቁር ሱፉ ላይ ነጭ አሻራ አተመችበት። መጥተህ ባታድነኝ ነበር የሚከፋኝ አለችው። ያን ጊዜ ነው እሱም የሳቀው፤ ሳቁ መጀመሪያ ሳል መሰለ።

ምድጃው እንደገና ተጠርጎ፣ እንደገና ተለኩሶ ቀለሙን እስኪጨርስ ድረስ ልጁ ኮቱን አውልቆ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበና ሥራውን ጀመረ፤ የራሱን ሥራ። የእሷን ሜትር ወስዶ ከምድጃው ቦታ እስከ ሸራዎቹ ለካ፤ አልበቃውም፣ እንደገና አዛወራቸው። የአሸዋ ባልዲ በሩ አጠገብ ይቀመጥ፣ ከጣሪያው ሥርም የአየር ቀዳዳ ይከፈት አለ። ብልጭታም እዚህ ላይ ሊከራከር ፈልጎ ነበር። ልጁ ግን የሚገድለው የሚታየው ጢስ ብቻ እንዳልሆነ፣ በር ተዘግቶ ሲነድ የማይታየውና የማይሸተው እንደሚብስ፣ እሱ ቢሮ እንዲህ ዓይነት ጉዳይ በየብርዱ እንደሚመጣ ነገረው። ብልጭታም እውነቱን ነው ብሎ መሰላል አምጥቶ ከጣሪያው ሥር ሁለት የአየር ቀዳዳ ከፈተ፣ ቱቦውንም ከጣሪያው ጫፍ በላይ አስረዘመው። በመጨረሻ ብረቱ ሲበርድ አራቱ ወንዶች፣ ነጋዴውም በአዲስ ጫማው፣ ምድጃውን በአራት እግሩ ይዘው አስገቡት። እሷ ከፊት ከፊት እየሄደች ወደ ግራ፣ ወደ ቀኝ ትላቸው ነበር።

እንጨቱ ሲይዝ ምድጃው መጀመሪያ ተንጣጣ፣ ቀጥሎ ማጉረምረም ጀመረ። የአየሩን ክዳን ስትገፋው ማጉረምረሙ ይጨምራል፤ ስትመልሰው ይቀንሳል። ትንሽ ቆይቶ ሙቀቱ ከብረቱ ተነሥቶ ወደ ጠረጴዛው፣ ከጠረጴዛው ወደ መኪናዎቹ፣ ከዚያም ወደ ጥጋጥጉ ደረሰ። የመስኮቱ መስተዋት ላይ የነበረው ጉም እየተንጠባጠበ ወረደ። የዳቦ ቤቱ ጥላ እንደ ጨርቅ ለሰለሰ። ሸራ ሰፊዋ መጀመሪያ ካፖርቷን፣ ከዚያ አንዱን ሹራብ አወለቀች፤ ብልጭታም አይቶ ስሜ ተረፈ አለ።

ነጋዴው ግን ግድግዳውን ቀና ብሎ እያየ በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። ቤቱን ወዶታል፤ ነገር ግን እሳት አጠገብ ጎማ የሚያስቀምጥ ሰው የለም። እንደሱ እያለ ወንበር ስቦ ምድጃው አጠገብ ተቀመጠ፣ ጫማውንም አወለቀ። ሸራ ሰፊዋ ጎማዎቹ አሁን የት እንዳሉ ጠየቀችው። ግቢው ውስጥ ሜዳ ላይ ናቸው አለ፤ ፀሐይና ዝናብ ጨረሳቸው። ታዲያ ጎማ ብርድ አይፈራ፣ ቤት ምን ያደርግልዎታል፣ ዙሪያውን የሚያለብስ ጥሩ ሸራ ከነማሰሪያው ልስፋልዎ አለችው። ነጋዴው አፉን ከፍቶ አያት፤ ከዚያ ልጇን አየ፣ እስከዛሬ ይህን ለምን ሳትነግረኝ ቀረህ በሚል ዓይን። ልጁ ትከሻውን ሰበቀ። የግቢውን ስፋት ማውራት ተጀመረ፤ የሸራው ቀለም ተመረጠ፤ ነጋዴው ሰማያዊ ይሁንልኝ አለ፣ ሚስቱ ሰማያዊ ትወዳለች።

ጉዳዩ ያለቀው ከዚህ በኋላ ነው፤ ሰዎቹ ግን አልሄዱም። ነጋዴው ካልሲው እስኪደርቅ ብሎ ቀረ። ብልጭታ ብየዳው እንዴት እንደሚይዝ ልይ ብሎ ቀረ። ልጁ ቢሮ ደውሎ አንድ አደጋ ቦታ ላይ ነኝ አላቸውና አንድ ጥቅል አረንጓዴ ሸራ ተደግፎ መሬት ላይ ተዘረጋ። ወዲያው ዓይኑ ተከደነ። ከጎን ያለው ጫማ ጠጋኝ ምን ተገኘ ብሎ ብቅ አለ፣ እሱም በርጩማውን ይዞ መጣ። ወሬው ደመቀ፤ እንጨቱ እየተጨመረ ሄደ። ሸራ ሰፊዋ መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ጥላውን ትሰፋለች፤ ሸራውን ለመዘርጋት ግን የሰው እግር እየከለከላት ነበር። ዳቦ ቤቱ ጥላውን የሚፈልገው በማግስቱ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መኪናዋን አቆመች።

«በሉ ወደየቤታችሁ» አለች። «ማረፍ የፈለገ ቤቱ ይረፍ። እኔ ሥራ አለኝ።»

ማንም ሊከራከራት አልደፈረም። እየተለማመጡ፣ ካልሲ እየፈለጉ፣ ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትከፍቺው እያሉ ወጡ። ልጁ በመጨረሻ ተነሣ፤ ፀጉሩ ተንጨባሮ፣ ጉንጩ ላይ የሸራው መስመር ታትሞ፣ በሩ ላይ ቆም ብሎ ነገ ሙሉ እሳት ማጥፊያ ይዤ እመጣለሁ አላት። ሲመጣም ቀድሞ እንዲጣራ ነገረችው።

ሹፌሩ ግን አልተነሣም። ባዶ የክር ሣጥን ላይ ተቀምጦ፣ እጆቹን ወደ ምድጃው ዘርግቶ፣ የጠቆረውን የታንኩን አዲስ መልክ ያያል። እሷም ውጣ አላለችውም። ሸራውን መርፌው ሥር አስገብታ፣ ሳትረግጥ፣ ጀርባዋን እንደሰጠችው ጠየቀችው።

«ጠዋት ለምን ዝም አልክ?»

«ዝም አላልኩም» አለ። «ምን ብዬ እንደምመልስለት እያሰብኩ ነበር። ሳስብ መኪናውን አስነሥቶ ሄደ።»

ሸራ ሰፊዋ መሳቋን እንዳያይ አንገቷን ደፋች። ይህን ሰው ስታውቀው ስንት ዘመኗ፤ እሷ ሦስት ነገር ተናግራ ስትጨርስ እሱ የመጀመሪያውን ገና እያገላበጠ እንደሚሆን መርሳቷ የራሷ ጥፋት ነው። «መልሱስ ምን ነበር?» አለችው። ሹፌሩ ማሰብ ጀመረ። እሷም አልጠበቀችውም፤ ረገጠች። መኪናው ሩጫውን ያዘ፣ መርፌው ሳይሰናከል ወፍራሙን ጠርዝ እየበሳ አለፈ፣ ለስላሳው ሸራ በጉልበቷ ላይ ፈሰሰ። የጥላውን አንድ ወገን ጨርሳ ልታዞረው ስታነሣው ነው ድምፁን ከኋላዋ የሰማችው።

«ከበረዳት እሳት ይነደድላታል እንጂ ሥራዋን አትተውም ልለው ነበር።»

ሸራውን እንደያዘች ዞራ አየችው። ፊቱ በፍሙ ብርሃን ቀልቶ፣ ቅንድቡ ላይ ትንሽ ነጭ ዱቄት ቀርቶ ነበር።

«እንግዲያው እንጨት ጨምር» አለችው።